ያልጠቆሩ ክቦች

አዴ ወርቂቱ በሰው ፊት ካልሲያቸውን አውልቀው አያውቁም። ነቀምቴ ገበያ ጫማ የሚሸጠው ጉራጌው ወልደሩፋኤል በየሁለት ዓመቱ ሁለት ጥንድ ጥቁር ጫማ ያስመጣላቸዋል። ቁጥራቸው አንድ አይደለም። ቀኙን ከትንሹ፣ ግራውን ከትልቁ ጥንድ ያወጣና በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይሰጣቸዋል። የተረፉትን ሁለት ጫማዎች ምን እንደሚያደርጋቸው እሳቸውም ጠይቀውት አያውቁም። አለመጠየቅን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

ግራ እግራቸውን ዝሆኔ ይዞታል። እንደ እናታቸው አልከፋም። እናታቸው አርጆ ላይ ሁለቱም እግራቸው እንደ ሙቀጫ አብጦ፣ ከጓዳ ሳይወጡ ነው የሞቱት። የወርቂቱ ከቁርጭምጭሚት በታች ቀረ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው መቆጥቆጥ እንደ ጀመራቸው የሚሲዮኗ ሴትዮ አሮጌ ጫማዋን ሰጠቻቸው፤ ያን ጊዜ እዚያው ፊደልና ትንሽ ቁጥር ይማሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ሰው ሳይነሣ በሳሙና አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ካልሲ ደርበው ይወጣሉ። ባላቸው ያውቁ ነበር፤ ይዘውት ተቀበሩ። ሌላ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ የልጅነት ጓደኛቸው የሺአረግ። እሷም ብትሆን የምትናገርበት አፍ የላት፤ የእሷ እግር ከእሳቸው የባሰ ነው።

መደበቁ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ ልጅ ለመዳር ደክሞ የማያውቅ ሰው ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጠየቃል። እናቷ ማን ናት፣ የእናቷ እናት ማን ናት፣ ከቤታቸው ቁምጥና አለ ወይ፣ ዝሆኔ አለ ወይ፣ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይወረዳል። አንድ እግር ከተገኘ ያ ቤት ልጅ አይድርም፤ ሴቶቹ እቤት ያረጃሉ። የሺአረግ እቤት ያረጀችው በዚሁ ነው።

አዴ ወርቂቱ ደግሞ የሚድሯት ልጅ ነበረቻቸው። ልጃቸው ጉሉማ በዴዴሳ ቁልቁለት መኪና ተገልብጦበት ሲሞት ሁለት ልጆች ጥሎባቸዋል፤ ወንዱ ነመራ፣ ሴቷ ወለቴ። ወለቴ አስተማሪነት ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የጊምቢው የኦቦ ዋቅወያ ቤት ለልጃቸው ጠይቋት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። አሮጊቷ ከዚያ እሑድ በቀር የሚያስቡት ነገር አልነበራቸውም።

ነመራ ከውጭ አገር የመጣው በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ነው። መጀመሪያ ጤና መኮንን ነበር፤ ኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ተልኮ፣ የመመረቂያ ጥናቱን በገዛ አገሩ ሊሠራ ተመለሰ። ጎረቤት ሁሉ ግራ ገባው። ዶክተር ሊሆን ነው ወይ ይላሉ፤ ሊሆን ነው ይሏቸዋል አዴ ወርቂቱ። ያክማል ወይ ሲሉ ደግሞ፣ ያማ የድሮ ሥራው ነው፣ አሁን ይጽፋል ይላሉ። የሚጽፍ ዶክተር ለምን እንደሚጠቅም ለማንም ሊያስረዱ አልቻሉም።

የሚጽፈው ስለ ዝሆኔ ነበር። ይህን ሲነግራቸው በእጃቸው የያዙት ሳህን ወደቀ። እሱ ምን ያውቃል፤ ሰባራውን እየለቀመ ያስረዳቸዋል። ይህ በሽታ በዘር የሚወርድ ነው ወይስ ከቀዩ አፈር በባዶ እግር የሚገባ? እሱ አፈሩን ጠርጥሯል። ፕሮፌሰሩ ግን በጥርጣሬ ዲግሪ አልሰጥም ብለውታል፤ ስድሳ ቤተሰብ ቤት ለቤት ዞሮ የእያንዳንዱን የዘር ሐረግ በወረቀት ማስፈር አለበት። ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ ትሣላለች። የታመመው ይጠቁራል፤ ደህናው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በየቤቱ ጫማ የሚያደርገውና የማያደርገውም ይቆጠራል። በዘር የሚወርድ ከሆነ ጥቁሩ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተከታትሎ ይታያል። የሚከፈለው ለስድስት ወር ነው፤ ሰኔ ሳያልቅ ጨርሶ ካልተመለሰ ሁለተኛ የሚልከው የለም።

የመጀመሪያውን ወረቀት ለሙከራ በራሱ ቤት ጀመረ።

«አኮ፣» አላቸው፤ አያቴ ማለቱ ነው። «እናትሽ እግሯን ታምማ ነበር?»

«አልነበረም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ይኸው እሮጣለሁ።»

ክቦቹ ነጭ ሆነው ቀሩ። አዴ ወርቂቱ ያን ወረቀት ካዩ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ አጡ። እስከ ሰባት ቤት የሚጠይቅ ሰው በሕይወታቸው አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚያውቁት። የገዛ የልጅ ልጃቸው የአማጭን ሥራ በብዕር ይዞ መጥቷል። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው ይላል። ቁጥርስ አፍ የለውም ያለው ማን ነው?

እሱ ደግሞ አብረሽኝ ዙሪ አላቸው። ሴቶቹ አንቺን ያምናሉ፣ ቀድመሽ ገብተሽ ነገሩን አስረጂልኝ ብሎ ለመናቸው። ዞሩ። ጨለለቂን ዞሩ፣ በጉቴ በኩል ያለውን ዞሩ፣ ነገሩን ግን ለማንም አላስረዱም። ማስረዳትም አላስፈለጋቸውም፤ ሴቶቹ ራሳቸው ያስረዱት ነበር። ሚስት የሌለው፣ ውጭ አገር የተማረ ልጅ ከአያቱ ጋር ሆኖ ቤታቸው ገብቶ፣ እናትሽ ማን ናት፣ የእናትሽ እናት ምን ሆና ሞተች ካለ ሚስት ፍለጋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ይደርሳል። የታመመው ሁሉ ወደ ጓሮ፣ ወደ ጎተራ፣ ወደ ሩቅ ዘመድ ይላካል። ወንበሩ ይጠረጋል፤ ልጅቷ ጸጉሯን ተሠርታ ማር በሳህን ይዛ ትመጣለች። አንዲት እናት ደመወዙን ጠየቀችው። አቶ ዳዲ የሚባሉ ሽማግሌ ደግሞ እጁን ይዘው፣ ከኔ ቤት አንድ ሰው እንኳ ራስ ምታት ታምሞ አያውቅም፣ የሚሞቱትም እንዲያው ሲጠግቡ ነው አሉት። ነመራ ሳቀ፤ ጻፈ።

አዴ ወርቂቱ ግን ሌላም ነገር ያዩ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት ቤት ሦስት ልጃገረዶች ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው ማር አቀረቡ። በቀኙ ጫማ አፍንጫ ላይ ትንሽ ሰማያዊ የቀለም ነጥብ አለች። በሦስቱም ቤት ነጥቧ ነበረች። ነመራ ሦስቴ «ጫማ ታደርጋለች» ብሎ ጻፈ። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው ማሩን ቀመሱ።

አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ነገሩ ይስተካከል ነበር። ሚስት ፍለጋ አይደለም፣ የታመመውን አውጡት፣ አፈሩን ሊከስልን ነው የመጣው ቢሉ ያምኗቸው ነበር። ግን ያን ጊዜ አንዷ ቀና ብላ፣ የእርስዎስ እናት ብትላቸውስ? እሑዱ እየቀረበ ነው። ወለቴን ባዩ ቁጥር ምላሳቸው ይታሰራል። ልጅቷም ጨዋ ሆናለች፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ደጁን ዘግታ ነው የምትታጠበው፣ ካልሲም ሳታደርግ አትወጣም። የእኔን አይታ ተማረች ብለው ደስ ይላቸው ነበር።

የነጩ ወረቀት ክምር ከፍ አለ። ነመራ እንደ ልጅነቱ በየማለዳው እያፏጨ ይነሣል። መንገድና ገበያ ላይ ያገኛቸው ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ እግራቸውን በሜትር ለክቷል፣ አፈሩን በትንንሽ ከረጢት ሰብስቧል። ቤታቸው ሲሄድ ግን ከእነሱ ሌላ ከዘመዳቸው የታመመ የለም። ጥቁሩ ለብቻው ተቀምጧል፤ ከላዩም ነጭ፣ ከታቹም ነጭ። እንግዲህ በዘር አይደለም ማለት ነው። ለፕሮፌሰሩ ጻፈ። መልሱ በሰማያዊ የአየር ደብዳቤ መጣ፤ ይህን ያህል የጠራ ውጤት አይቼ አላውቅም፣ ጨርሰህ ና፣ በትልቅ ጉባኤ ፊት ታቀርበዋለህ የሚል ነው። ነመራ እየተረጎመ አነበበላቸው። መርቀው ሳሙት።

የየሺአረግ መልእክት የደረሳቸው በሆሳዕና ማግስት ነው። የምትኖረው ጨለለቂ ከወንድሟ ከገብረመስቀል ቤት ነው፤ አባታቸው ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር። ሊጠይቋት ሄደው ጓዳ ውስጥ አገኟት። እግሯ ተቆጥቶ ቀልቷል፤ ብሽሽቷ ተቋጥሯል፤ ብርድ ብርድ ይላታል።

«ልጅሽ መርፌ ይዞ ይዞራል አሉ፣» አለቻቸው። «ሰው ሳይሰማ ለሱ ለብቻው ንገሪልኝ። ይኼኛው እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም፣ ወርቂቱ።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«የኔን ብትነግሪው ያንቺን የሚያውቅ መስሎሽ ከሆነ፣ አልተነፍስም።»

«ነገ አልኩሽ እኮ።»

ነገ ብለው ሄዱ። መንገድ ላይ ግን ሐሳብ አወጡ፣ ሐሳብ አወረዱ። ልጁ ብልህ ነው። የሺአረግን ካየ የጓደኝነታቸውን ዘመን ይጠይቃል፤ ለምን ደብቀሽ ቆየሽ ይላል፤ ከዚያ ወደሳቸው ጫማ ያያል። እሑድ እስኪያልፍ ብቻ። እሷስ ስንቴ ተቆጥቶባት፣ ስንቴ በራሱ ለቅቋት የለም? ያን ቀን አልተናገሩም። በማግስቱም አልተናገሩም።

በሦስተኛው ቀን ነመራ ራሱ የገብረመስቀልን ቤት ስድሳኛ አድርጎ አያቱን ይዞ ሄደ። የመጨረሻው ቤት ነው። የገብረመስቀል ሚስት ሐረግወይን የምትድራት ልጅ አለቻት፤ ቤቱን አሰናድታ ጠበቀች። ልጅቷ ባለ ሰማያዊ ነጥቡን ጫማ አድርጋ ወጣች። ጠየቀ፤ መለሱ። እህት አለዎት ወይ ብሎ ገብረመስቀልን ሲጠይቀው፣ ነበረችኝ፣ ሸዋ አግብታ ቀረች አለ፤ ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነበር። በዚህ መሀል ከኋላ ከጎተራው በኩል አንድ ረጅም ማቃሰት ተሰማ።

ነመራ ብዕሩን አቆመ። «ምንድን ነው?»

«ጥጃ ናት፤ ታምማብን ነው፣» አለች ሐረግወይን።

ነመራ ወደ አያቱ ዞረ። ለምን ወደሳቸው እንደ ዞረ እሱም አያውቀው ይሆናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር የሚያረጋግጠው ፊታቸውን አይቶ ነው።

«ጥጃ ናት፣» አሉ አዴ ወርቂቱ።

«እኔ የሰው እንጂ የጥጃ አልተማርኩም፣» ብሎ ሳቀ። ሐረግወይን ከሱ በላይ ሳቀች። አዴ ወርቂቱ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ፤ ዘንድሮ ቀድሞ ይገባል አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ደግሞም ከፍ አድርገው፣ እስኪወጡ ድረስ። የነመራ የመድኃኒት ሻንጣ ያን ጊዜ ሁሉ ከወንበሩ ሥር ነበር።

የሺአረግ ስቅለት ጧት ሞተች።

በዚያው ቀን ተቀበረች። ጎረቤት ነውና ነመራም ሄደ፤ ጎልማሳም ስለሆነ ሬሣ ከሚይዙት ጋር አቆሙት። አዴ ወርቂቱ ከሴቶቹ መሀል ሆነው ያዩታል። በሰሌን የተጠቀለለውን ከቃሬዛው አንሥተው ወደ ጉድጓዱ ሲያወርዱ እግርጌውን የያዘው እሱ ነበር። እጁ ሰሌኑ ላይ ተንሸራተተና ቆመ። ያ እጅ በሦስት ወር የሦስት መቶ ሰው እግር ለክቷል። ሌሎቹ ልቀቅ አሉት፤ አልለቀቀም። ቀና ብሎ በሴቶቹ መሀል ሲፈልግ ዓይናቸው ተገናኘ። ከዚያ ለቀቀ።

ከለቅሶው ቤት እህል ሳይቀምስ ወጣ። አዴ ወርቂቱ እቤት ሲደርሱ ስድሳውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ጥጃዋ እሷ ነበረች?»

«እሷ ነበረች።»

«ታውቂ ነበር።»

«መድኃኒት ለምናኝ ነበር። ላንተ እንድነግር። ነገ አልኳት።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላቸው ነበር። መርፌው በዚያ ቀን ቢወጋት፣ ምናልባትም በማግስቱ እንኳ ቢሆን፣ ትድን እንደነበር ለራሱ እንደሚያነብ ሰው በዝግታ ተናገረ። ከዚያ ወረቀቶቹን ወደሳቸው ገፋ። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው ነጭ ያልሆነው አላቸው።

አዴ ወርቂቱ መነጽራቸውን አደረጉ። የአገሩን ሰው የማያውቁት የለም፤ ለእያንዳንዱ ለቅሶ ደርሰዋል፣ እያንዳንዷን አራስ ጠይቀዋል። ብዕሩን ተቀብለው ራሳቸው ያጠቁሩ ጀመር። የዚህች አክስቷ። የዚህ አባቱ፣ የአባቱም እናት። የአቶ ዳዲ ሲጠግቡ የሚሞቱት ሁሉ። ሦስቱን ወረቀት ለይተው ደግሞ፣ ከገብረመስቀል ልጅ ጋር የእነዚህ የአራቱ ጫማ አንድ ጫማ ነው አሉት። ነመራ ያን ሲሰማ ሳቀ፤ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። ሲጨርሱ ከስድሳው ሠላሳ ዘጠኙ ጠቁሯል። የቀሩትን አላውቅም አሉ።

«ታዲያ ምን ሆነ?» አሉት ቀስ ብለው፤ ልጅ የሚያባብሉበት ድምፅ ነበር። «አፈሩ ነው ብለህ የለ? አፈሩ ከሆነ ነጩ ወረቀትስ ቢሄድ ምን ይላል? ይህን ያየን እኔና አንተ ነን።»

«አፈሩ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አኮ። ከጧት በፊት አውቅ ነበር። አሁን አላውቅም።»

ለፕሮፌሰሩ ስድሳውም አይረባም ብሎ ሊጽፍ ነው። ከጻፈ ጉባኤውም የለም፣ ዲግሪውም የለም፤ ገንዘቡ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ እንደገና ለመጀመር ክረምቱ መንገዱን ይዘጋል። ይህን ሁሉ ሲነግራቸው እሳቸው የሚያዩት ከጠረጴዛው ጥግ ለብቻው የተቀመጠውን አንድ ወረቀት ነበር። የቤታቸው ወረቀት ነው። ደህና ቤተሰብ ይህን ይመስላል ብሎ ከመጽሐፉ ፊት ሊያስገባው ያስቀመጠው።

አልጠየቃቸውም። ደግሞ ቢጠይቃቸው ይዋሹ እንደሆነ ፈርቶ ይሆናል። አዴ ወርቂቱ ስለ ኦቦ ዋቅወያ ሽማግሌዎች አሰቡ። ትንሣኤ ከነገ ወዲያ ነው፤ ከዚያ ሰባት ቀን። ዘጠኝ ቀን ብቻ ዝም ቢሉ። ከዚያ ደግሞ ያ ማቃሰት መጣባቸው፤ በሱ ላይ ስለ ዝናብ ያወሩት የገዛ ድምፃቸውም መጣባቸው።

የእናታቸውን ክብ አጠቆሩ። ከሱ ሥር ያለውን የራሳቸውን አጠቆሩ። ብዕሩን አስቀምጠው ጎንበስ አሉና የግራ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ፤ ካልሲውን ገፈፉ፤ ጨርቁን ፈቱ።

የሦስት መቶ ሰው እግር የለካው ልጅ ያሳደጉትን አያት እግር ገና አሁን አየ። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ያዘው። ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ጫማውን፣ ሳሙናውን፣ ቅባቱን ነገሩት።

«አርባ ስምንት ዓመት፣» አለ። «አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ይኸው ብቻ?» ለአፍታ ያ የሥራ ብርሃን ፊቱ ላይ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። «አንድ እግር መጽሐፍ አይሆንም፣ አኮ።»

ተነሥቶ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ከጥቁሮቹ ክቦች ሥር የአባቱ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ የሱ፣ ከጎኑ የወለቴ ክብ አለ። ብዕሩን የወለቴ ክብ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አያቸው።

«እሷን ተዋት፣» አሉ። «እሷ ነጭ ናት። ያን እግር ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

አዴ ወርቂቱ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። የተዘጋው ደጅ ትዝ አላቸው። ካልሲው ትዝ አላቸው። ባለፈው ወር ሳሙናው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በስውር የሚታጠብ ይመስል፣ ሳሙናም የሚሸጥላቸውን ወልደሩፋኤልን ሳሙናህ ይሟሟል ብለው መቆጣታቸው ትዝ አላቸው።

ወለቴ ከደጅ ቆማ ነበር። መቼ እንደ መጣች አላዩዋትም። የአያቷን ባዶ እግር እያየች ነው፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ነይ እስኪ ልጄ፣» አሉ። «ነይ። ጫማሽን አውልቂ።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ቀስ ብላ አንዱን እግር ከሌላው ኋላ ደበቀችው፤ አዴ ወርቂቱ ራሳቸው አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት እንደኖሩት።

ነመራ ብዕሩን ከድኖ አስቀመጠ፤ ውኃና ሳፋ ሊያመጣ ወጣ።